የመክሹፋዋ ስንጥቅ

ካርቱም በቀትር ትተኛለች። ከዝሁር ሶላት በኋላ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ሱቅ ይዘጋል፣ ሪክሻ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ሰውም ባለበት ይጋደማል። በዚያ ሰዓት አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ሰው ይኖራል ብሎ የሚምል የለም። በሐጂ ሙሐመድአወል ግቢ ግን አንዲት ነፍስ ነቅታ ነበር። ሉጥፊያ መጎናጸፊያ ቶቧን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ኮቴዋ እንዳይሰማ ጫማዋን አውልቃ፣ ኒም ዛፉ ሥር ከቆመችው የአባቷ መኪና አጠገብ ተንበርክካ ክሪክ ታዞራለች።

አዎ፣ ክሪክ! ያቺ ለእንግዳ ሻይ ስታቀርብ ቀና ብላ የማታየዋ፣ ያቺ እናቷ «ይቺ ልጅ ዝንብ እንኳ አትገድልም» የሚሉላት ሉጥፊያ። ብረቱ በቀትር እጅ ስለሚጠብስ ካረጀ አረንጓዴ ሻሿ ላይ ቁራጭ ቀድዳ እጀታውን ጠቅልላዋለች። የመኪናዋን ሁለት በሮች፣ ስፖርቴሎዎቹን፣ ወለል አድርጋ ከፍታለች። ጆሮዋ ወደ ቤቱ ነው፣ ዓይኗ ወደ ቀለሙ። አንዴ ታዞራለች፣ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ ደግሞ ታዞራለች።

ጠቅ!

ከግራው ስፖርቴሎ ኋላ፣ ጎማውን የሚሸፍነው ፓራፋንጎ ከታችኛው ብረት ጋር በሚገጥምበት መስመር ላይ፣ በክሬም ቀለሙ ውስጥ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ወጣች። ሉጥፊያ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። «ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ ይመጣል» አለች ለራሷ።

የሚመጣው ሳሊህ ነው፤ ቀለም ቀቢው። ከሐይቅ ተነስቶ በመተማ በኩል በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ የገባ፣ ሰናእያ በሚባለው የጋራዦች ሰፈር በጋሽ ይማም ወርሻ፣ ጋራዣቸው ውስጥ የሚሠራ የወሎ ልጅ። የእሷ አባት ሐጂ ሙሐመድአወል ደግሞ ኦምዱርማን ገበያ ላይ ቅመማ ቅመም በጅምላ የሚሸጡ፣ እነ እገሌ ሐጂ ሲሏቸው ከወንበር የሚነሱላቸው ሰው ናቸው። ወሎዬነቱ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሌላው ሁሉ ይለያያቸዋል። ሳሊህ በዚያ ደጅ የሚገባበት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር። መኪናዋ ስትሰነጠቅ።

መኪናዋን ሰፈሩ ሁሉ «መክሹፋ» ይላታል፤ የተገለጠች እንደ ማለት ነው። ጣሪያዋ ሸራ ሆኖ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ የሉጥፊያ እናት ገና ሳይዳሩ የተሠራች አሮጊት ናት። አንድ ሱዳናዊ ሸሪካቸው ሲሞት ነው ለሐጂ በኑዛዜ የተወላቸው። ሐጂ ለልጃቸው እንኳ እንዲህ አይሳሱም። በየጧቱ በእርጥብ ጨርቅ ራሳቸው ያብሷታል። ሰናእያ ሄዳ እንድታድር አይፈቅዱም፤ ሠሪው ነው ዕቃውን ተሸክሞ ግቢያቸው ድረስ የሚመጣው።

የመጀመሪያው ስንጥቅ የአላህ ነበር። ዝገት በልቶት፣ የቀድሞው ቀቢ በስቱኮ ደፍኖት ኖሮ ፈረሰ። ሁለተኛው የራሱ የሳሊህ ነበር። መኪናዋን በክሪክ እንዳነሳት ስንጥቁን ዘጋው፤ ስትወርድ ቀለሙ ተከፈተ። ሳሊህ አልዋሸም። ተመልሶ መጥቶ ከሐጂ ፊት ቆመና «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጣሪያ የሌላት መኪና ወገቧን የሚይዝላት የለም። ስፖርቴሎዎቿን ከፍተው በክሪክ ካነሷት ትጎብጣለች፣ ያን ጊዜ መገጣጠሚያው ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ከእንግዲህ በአራት እግሯ ቆማ ነው የምዘጋት» አለ።

ሐጂ ይህን ሰምተው «እውነተኛ ሰው ነው» አሉ። ውሃ ይዛ የመጣችው ሉጥፊያም ሰማች፤ እሷ ግን የሰማችው ሌላ ነገር ነው። ስፖርቴሎ ከፍቶ በክሪክ ማንሳት! ፍቅር ተማሪ ሲያገኝ እንዲህ ነው፤ ክልከላውን ትምህርት ያደርገዋል። ሦስተኛው ስንጥቅ የእሷ ነበር። ይኸው አራተኛውም።

ምን አድርጓት ነው ብትሉ፣ ምንም አላደረጋት። ውሃ ስታቀርብለት ብርጭቆውን ከእጇ ከመቀበሉ በፊት ሁልጊዜ ሮጦ እጁን በአሸዋና በሳሙና ይታጠባል። ቀለም እንዳይነካት። አንድ ቀን «ዝም ብለህ ያዘው፣ ቀለም አይገድልም» ብትለው፣ ቀና ብሎ አይቷት «አንቺን አይገድልም፤ እኔን ግን የነካሁሽ ቀን...» ብሎ ሳይጨርስ ጎንበስ አለ። ያ ያልተጨረሰ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳት።

ከውስጥ እናቷ ሲያስሉ ሰማች። መኪናዋን አወረደች፣ ስፖርቴሎዎቹን ቀስ አድርጋ ገጠመች፣ ክሪኩን እንደያዘችው የኋላ ኮፈን ውስጥ ወርውራ ዘጋችው። እጀታው ላይ የጠመጠመችውን አረንጓዴ ጨርቅ መፍታት ረሳች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ! እሷ ግን በዚያች ሰዓት ለመልቀምም ለማፍሰስም ቦታ አልነበራትም። ደስታ ሞልቷት ነበር።

*

በማግስቱ ጧት ሳሊህ ወርሻ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ኮፈን በብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ ያዜማል። ጋሽ ይማም በርሜል ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ወርሻው የእሳቸው ነው፤ ሳሊህን ከመተማው መኪና አቧራ ጋር ተቀብለው ሙያ ያስያዙትም እሳቸው ናቸው።

«ያ ሳሊህ፣ ዛሬ ብርጭቆ ወረቀቱም ይዘፍናል ልበል?»

«ዓረፋ ደረሰ እኮ ጋሼ!»

«ዓረፋ ለሁላችንም ይደርሳል፤ እኔ አልዘፈንኩም።»

«እርስዎማ አግብተዋል!»

ጋሽ ይማም ከት ብለው ሳቁ። ምስጢሩን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ባለፈው፣ በሦስተኛው ስንጥቅ ጊዜ፣ ሳሊህ መክሹፋዋን ዘግቶ፣ ቀለሟን አድርቆ፣ አብርቶ ሲጨርስ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣው ሳያውቅ «ሐጂ፣ ሽማግሌ ብልክ ያስገቡልኛል?» ብሎ ጠየቀ። ሐጂ እሱን አላዩትም። መኪናዋን ነው ያዩት።

«ሁለት ላሜራ አንድ ላይ ማቆየት ያቃተው ሰው የልጄን ቤት እንዴት አንድ ላይ ያቆየዋል?» አሉ። ሳሊህ መሬት ብትውጠው በወደደ ነበር። ከዚያ ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱና ጨመሩ። «እስከ ዓረፋ ይህ መስመር ካልተሰነጠቀ ሽማግሌህን ላክ። ከተሰነጠቀ ግን ሁለተኛ ደጄን አትርገጥ። ለልጄ እኔው እነግራታለሁ፤ አንተ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

ሳሊህ ቃሉን ጠበቀ። ሐጂ ግን አልተናገሩም። ዛሬ ነገ እያሉ፣ ሲበሉም ሲጠጡም ልጃቸውን እያዩ፣ ዋጡት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለ እሷ ውል ታስሮ፣ ሰናእያ ድረስ እየተዘፈነለት፣ እሷ አታውቅም። ሰርጓን የምታፈርሰው በገዛ እጇ፣ እየሳቀች፣ በክሪክ ነበር።

የጋሽ ይማም ሞባይል ጮኸ። ያን ጊዜ ሞባይል ገና የክብር ዕቃ ነበርና ከደረት ኪሳቸው በሁለት እጃቸው ነው ያወጡት። «አሰላሙ ዓለይኩም ሐጂ... አይዋ... አይዋ...» አሉ። ከዚያ ሞባይሉን ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ሳሊህ ፊታቸውን አይቶ ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ኡስታህን፣ ባለሙያህን፣ ላከው አለ። ተሰንጥቋል።»

ሳሊህ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አያቸው። እነዚህን እጆች ያምናቸው ነበር። ከአገሩ ይዞት የወጣው ሌላ ነገር አልነበረውም።

*

ግቢው ሲደርስ እናትየው፣ ሐጃ ዘምዘም፣ በሩን ከፈቱለት። «ግባ ልጄ፣ አይዞህ። ሐጂ ከዓስር ሶላት በኋላ ከይማም ጋር ይመጣል» አሉትና ወደ ማጀታቸው ተመለሱ።

ሳሊህ መኪናዋ አጠገብ ተንበረከከ። ስንጥቁን በጥፍሩ ተከተለው። በዚህ መስመር ላይ ያላደረገው ነገር የለም። ስቱኮውን ሁሉ ፍቆ እስከ ብረቱ አውርዶታል፤ የላላውን በይዶታል፤ መገጣጠሚያውን በቀለጠ እርሳስ ሞልቶ በሞረድ አስተካክሎታል፤ ከዚያ የዝገት መከላከያ፣ ከዚያ ቀለም። በአራት እግሯ ቆማ ነው የዘጋት። ታዲያ ምን ቀረ? «እጄ ነው፤ እጄ አይረባም» አለ በልቡ፣ ዓይኑም እንባ ሞላ።

እንባውን ሊጠርግ ጎንበስ ሲል ነው ያየው። ከታችኛው ብረት ሥር ክሪክ የሚቀመጥበት ቦታ ትኩስ ጭረት አለ። ብረቱ ገና ያብረቀርቃል። ሳሊህ ተነስቶ የኋላ ኮፈኑን ከፈተ። ክሪኩ ተገልብጦ ተኝቷል። እጀታው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ።

ያን ሻሽ ያውቀዋል። መጀመሪያ ቀን ውሃ ይዛለት ስትመጣ ራሷ ላይ የነበረው ነው። ያን ቀን አንድ ስፖርቴሎ ሁለት ጊዜ ቀብቷል።

መጀመሪያ ልቡ በደስታ ዘለለ። እጁ ንጹሕ ነው! ሥራው አልከዳውም! ወዲያው ግን ደስታው እንደ መጣ ተመለሰ። እሷ ናት። ለምን? ሐጂ ነግረዋታል፤ እነግራታለሁ ብለው አልነበር? እስከ ዓረፋ ካልተሰነጠቀ ሽማግሌ እንደሚመጣባት ታውቃለች። አውቃ ነው የሰነጠቀችው። አባቷን እምቢ ማለት ስላልቻለች መኪናዋን እምቢ አስባለቻት። ሳሊህ ጨርቁን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከተተ። እንዲህ በለሰለሰ መንገድ እምቢ የተባለ ሰው ካርቱም ውስጥ የለም ብሎ አሰበ።

«አህለን ያ ኡስታ! መጣህ!»

ሉጥፊያ ነበረች። የዒድ ልብሷን ዓረፋ ሳይደርስ ለብሳ፣ ዓይኗን ተኩላ፣ ብርጭቆ ውሃ ይዛ፣ ፊቷ ሁሉ ሳቅ ሆኖ ቆማለች። ሳሊህ ቀና ብሎ አያትና ወዲያው ዓይኑን መለሰ። ምነው ባታምር፣ ምነው ባትስቅ!

«መጣሁ» አለ።

«ብዙ ቀን ይፈጃል? ኢንሻላህ ብዙ?» ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናትና አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ደስታዋ ግን አይሰባበርም። «ስንጥቁ ከቢር ነው፣ ትልቅ ነው፣ አየሁት እኔ።»

የምትሳለቅበት መሰለው። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አላት ቀስ ብሎ። «ከእንግዲህ አላስቸግርሽም።»

እጁን ሊታጠብ አልሮጠም። ብርጭቆውን በአቧራማ ጣቱ ጫፍ ተቀበላትና ሳይጠጣ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሉጥፊያ ብርጭቆውን አየችው፤ እጁን አየችው። ሰለቸሁት አለች በልቧ። መመላለሱ ሰለቸው፣ እኔም ሰለቸሁት። ወደ ቤት ስትመለስ እግሯ ከብዷት ነበር። ሳሊህ ዓይኑን ከስንጥቁ ላይ አልነቀለም፤ ግን ምንም አያይም ነበር።

*

ከዓስር ሶላት በኋላ ሐጂ ሙሐመድአወልና ጋሽ ይማም ኒሙ ሥር የገመድ አልጋ ላይ ተቀመጡ። ሳሊህ ቆሟል። ሉጥፊያ ከማጀቱ መስኮት መረብ ኋላ ሆና ታያለች፤ ሐጃ ዘምዘም ሽንኩርት እየላጡ አላየሁም ይላሉ።

«ያ ሳሊህ፣ አየኸው?» አሉ ሐጂ።

«አየሁት ሐጂ።»

«ምንድነው ምክንያቱ?»

ሳሊህ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ጨርቁ እዚያ ነው። አውጥቶ ቢያሳያቸው ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፤ እጁ ይከበራል፣ ውሉም የእሱ ይሆናል። ታዲያ ምን ሊያደርግለት? ያልፈለገችውን ሴት በሽማግሌ ሊያስመጣት? ደግሞስ በሁለት ሽማግሌ ፊት «ልጅዎ ክሪክ ይዛ ስታዞር ነበር» ብሎ ስሟን ሊያነሳ? ጨርቁን ኪሱ ውስጥ እንዳለ ጨበጠው።

«እጄ ነው ሐጂ» አለ። «ምክንያቱ እጄ ነው።»

ጋሽ ይማም ከአልጋው ዘለው ተነሱ። «ውሸቱን ነው! ወላሂ ውሸቱን ነው! ያን ሥራ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እርሳሱን ሞልቶ ሲያስተካክል በጣቴ ብፈልገው መጋጠሚያውን አጣሁት! አንተ ልጅ ምን ነካህ?»

«ተወው ይማም» አሉ ሐጂ፤ ድምፃቸው ግን እንዳሰቡት አልጠነከረም። «ውል ውል ነው። እስከ ዓረፋ ይህ መስመር ካልተሰነጠቀ ለልጄ ሽማግሌ ይላክ ብያለሁ። ተሰንጥቋል። እሱም እጄ ነው ብሏል። የሉጥፊያ ነገር እዚህ አበቃ። ኸላስ።»

ወዲያው የማጀቱ በር ከግድግዳው ጋር ተላተመና ሉጥፊያ በባዶ እግሯ፣ ቶቧ ከትከሻዋ እየወረደ፣ ግቢው መሐል ደረሰች።

«የምን ሽማግሌ? አቡይ፣ አባቴ! ሽማግሌ ለማን?»

«ግቢ አንቺ!»

«አልገባም! ለእኔ ነው? ሽማግሌ ለእኔ ነበር?» ወደ ሳሊህ ዞረች። «አንተ ልትልክ ነበር? ይቺ መኪና ካልተሰነጠቀች?»

ሳሊህ ግራ ገብቶት አያት። «አታውቂም ነበር?»

ሉጥፊያ ሁለት እጆቿን ራሷ ላይ ጫነች። የሆነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባት። ቀትሩ፣ ክሪኩ፣ «ጠቅ» ያለው ድምፅ፣ የሳቀችው ሳቅ። «ያ ረቢ!» ብላ ጮኸች። «እኔ ነኝ! አነ ከሰርታ! እኔ ነኝ የሰነጠቅኳት!»

«ምን?» አሉ ሐጂ።

«ስፖርቴሎ ከፍቼ፣ በክሪክ አንስቼ! ያለፈውንም የአሁኑንም! የእሱ እጅ አይደለም አቡይ፣ የእሱ እጅ ምንም የለበትም! እጄን ቁረጠው ከፈለግህ፣ የእሱን ግን አትስደብ!»

ሐጂ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «አንቺ? ክሪክ? ክሪክ የት ታውቂያለሽ?»

«እሱ ነግሮህ የለ እንዴት እንደምትሰነጠቅ! ሰምቼ ነዋ!»

«ለምን? ለምን ታደርጊዋለሽ?»

ይሄኔ ድፍረቷ አለቀ። ዓይኗን ጨፈነች። ማንንም ሳታይ፣ እንባዋ በኩሏ ላይ እየወረደ፣ እንደ ሕፃን ተናገረችው። «ተሠርታ ካለቀች አይመጣማ! ሲጨርስ ዕቃውን ይሰበስባል፣ ይሄዳል። እኔ ምን ብዬ ልጥራው? በምን? ሌላ መንገድ የለኝም። እንዲመጣ ብዬ ነው። እንዲመጣ ብቻ!»

ሐጃ ዘምዘም ማጀቱ በር ላይ ሽንኩርቱን እንደያዙ ቆመዋል። ጋሽ ይማም ዞር ብለው ኒሙን ያያሉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል፣ ይሳቁ ያልቅሱ አይታወቅም። ሳሊህ ኪሱ ውስጥ ያለውን እጁን ቀስ ብሎ አወጣ። አረንጓዴው ጨርቅ በመዳፉ ላይ ነበር።

«አይተኸው ነበር?» አሉ ሐጂ። «እሷ እንደሆነች ታውቅ ነበር? ታዲያ እጄ ነው ያልከኝ ለምንድነው?»

«አልፈልግህም ያለችኝ መስሎኝ ነው ሐጂ። አልፈልግህም ማለት መብቷ ነው። ስሟ ግን በእኔ ምክንያት በሰው ፊት እንዲነሳ አልፈለግሁም።»

ሉጥፊያ ዓይኗን ገለጠች። ያን ጊዜ የተያዩትን መተያየት እኔ ልጽፈው አልችልም። ከሰው ፊት ነበሩ፣ ከአባቷ ፊት ነበሩ፣ ግን አንዳቸውም ዓይናቸውን አልሰበሩም። ደስታ የሚያም ከሆነ፣ ሁለቱንም አመማቸው።

ጋሽ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ለልጄ እኔው እነግራታለሁ ብለህ አልነበር?»

«ለማን ነው የነገረው?» አሉ ሐጃ ዘምዘም ከበሩ። «ለእኔም አልነገረኝ! የአንድ አልጋ ሰው፣ በልጄ ተወራርዶ ለእኔ አልነገረኝም!»

ሐጂ ሙሐመድአወል ወደ መኪናዋ ሄዱና ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ጀርባቸውን እንደሰጡ ተናገሩ።

«ልነግራት ነበር። በየቀኑ ልነግራት እነሳለሁ። ብነግራት እሺ ትላለች ብዬ ፈራሁ። ስንጥቁ ይመለሳል ብዬ ነበር ያን ውል የገባሁት፤ ሁልጊዜ ይመለስ ነበርና። በየጧቱ እየወለወልኩ አየዋለሁ፣ አልተመለሰም። ተናደድኩ! መኪናዬ ደህና ሆነችልኝ ብሎ የሚናደድ ሰው አይታችኋል?» ድምፃቸው ተሰበረ። «አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ከሄደች ይህን ግቢ ምን አደርገዋለሁ?»

ሉጥፊያ ሮጣ ከኋላቸው አቀፈቻቸው። ፊቷን ጀርባቸው ላይ ደፍታ «አቡይ፣ አቡይ» ትላለች፤ ሌላ ቃል በአማርኛም በዓረብኛም አልመጣላትም። ሐጂ እጇን ሲይዙ በመዳፏ ላይ የክሪኩ ብረት የጠበሳትን ትንሽ ቁስል አገኙ። ጨርቁ እየሾለከ ያቃጠላት ነው። አገላብጠው አዩት። ከኦምዱርማን ገበያ የሚያውቋቸው ሰዎች ቢያዩአቸው አይለዩአቸውም ነበር፤ ሐጂ ሙሐመድአወል ሰው ፊት አለቀሱ።

ከዚያ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠርገው ቀና አሉ፤ እንደገና ነጋዴ ሆኑ።

«ውሉ እስከ ዓረፋ ነው ያልኩት» አሉ። «ዓረፋ ገና አልገባም። ዝጋው።»

«ሐጂ...»

«ዝጋው አልኩህ! አንቺ ደግሞ ክሪኩን አምጪ። ኦምዱርማን ሱቄ ውስጥ ነው የሚቆለፍበት!»

ሐጃ ዘምዘም እልል አሉ። ገና ምንም ሳይሆን፣ ሽማግሌ ሳይገባ፣ እልል! ባልየው «ዝም በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» ሲሏቸው የባሰ አስረዘሙት። ሉጥፊያ በሳቅና በእንባ መሐል ሆና፣ ደስታዋን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

*

የዓረፋ ዋዜማ ዕለት ሳሊህ ሥራውን ወደ መጨረሻው አድርሶት ነበር። መክሹፋዋ ጣሪያዋን አጥፋ፣ በአራት እግሯ ኒሙ ሥር ቆማለች። እርሳሱ ሞልቷል፣ ተስተካክሏል። የቀረው ከስሩ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባው ማስቲሽ ነው፤ ሳይደርቅ እንደ ሊጥ የሚለጠጠው፣ ደርቆም ከመኪናዋ ጋር እሺ የሚለው። ሳሊህ ማስቲሹን ይዞ ወደ ሐጂ መጣና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ሐጂ፣ ማስቲሹ ሲገባ ሰው ቢቀመጥባት ጥሩ ነበር። ሰው ጭና ብትዘጋ፣ ኋላ ሲሳፈሩባት አትከፈትም።»

«ማን ይቀመጥ?»

«ያው... እንደ ወትሮው አቀማመጣችሁ።»

ሐጃ ዘምዘም ሳቃቸውን በቶባቸው ሸፈኑ። እንደ ወትሮው አቀማመጣቸው ሐጂ መሪው ላይ፣ እሳቸው ከጎን፣ ሉጥፊያ ደግሞ ከኋላ በግራ በኩል ናት። ልክ ከስንጥቁ አጠገብ። ሐጂ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ያላ፣ ግቡ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ቤተሰቡ በሙሉ የትም በማትሄድ መኪና ተሳፈረ። ሐጂ መሪውን ጨብጠው ፊት ለፊታቸው ያለውን ግድግዳ ያያሉ። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ያ ሐጂ፣ ዓርቢያዋ፣ መኪናዋ፣ ወዴት ናት?» ይላሉ። «ዝም በሉ፣ እየሠራን ነው» ይላሉ ሐጂ።

ሳሊህ እጁን በሳሙና በደንብ ታጥቦ መጣና ከእሷ ጎን ተንበረከከ። ማስቲሹን በመስመሩ ላይ አስገብቶ በጣቱ ጫፍ ማለስለስ ጀመረ። የሉጥፊያ ክንድ ከመኪናዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ የእሱ ፀጉር ከክንዷ አንድ ጋት አይርቅም። እሱ ቀና አይልም፤ እሷ አትንቀሳቀስም። ሁለቱም እንዳይተነፍሱ እንደተከለከሉ ነበሩ።

ሐጂ በመስታወቱ ውስጥ አዩአቸው። አንዴ አዩ፣ ደገሙ። ከዚያ እጃቸውን አንስተው መስታወቱን ወደ ላይ፣ ወደ ኒሙ ቅጠል አዞሩት። ሐጃ ዘምዘም ይህን አይተው የባላቸውን ጉልበት ቸብ አደረጉ።

ሉጥፊያ ጎንበስ አለች። እናቷ እንኳ በማይሰሙት ድምፅ «አሁንስ?» አለች። «ስትጨርስስ?» ያ የጥንቱ ፍርሃት አሁንም አልለቀቃትም ነበር። በዓል ቢደርስም፣ አባቷ እሺ ቢሉም፣ ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድ ያየችበትን ዓይን ማሳመን አልቻለችም።

ሳሊህ ጣቱ ከመስመሩ ጫፍ ደረሰ። ያን ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አያት።

«አሁን ስጨርስ ነው የምመጣው» አላት። «ከጋሽ ይማም ጋር።» ከዚያ ተነስቶ፣ ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እስኪደርቅ ማንም እንዳይነሳ!» አለ።

ሐጂ አጉረመረሙ፤ ሐጃ ዘምዘም እግራቸውን ዘረጉ። ሉጥፊያም ያን መስመር ካወቀችው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቃጠሎው ያልዳነ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ቶሎ ድረቅ ብላ ለመነችው።